ብሩ የት ሄደ?

ታናሽ ወንድሜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠራ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው የወላጆቻችን ቤት ሳሎን የፈተና አዳራሽ ሆኖ ሰነበተ። የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ያመለከተው የሞባይል መተግበሪያ ለመሥራት ነው። ስልኩ ላይ 120 ጥያቄና መልስ አውርዶ ከሶፋው አልነሣ አለ። ቁርስ ላይ አንዱን ብጠይቀው እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳይተነፍስ አወረደልኝ። «እሺ፣ ይሄ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ስለው ግን ተመልሶ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ይህ ሁለተኛ ቃለ መጠይቁ ነው። በመጀመሪያው ሲቪው ላይ የሦስት ዓመት ልምድ እንዳለው ጽፎ ነበር (እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው)። ጠያቂው «እስካሁን ከገጠመህ ስህተት በጣም ያስቸገረህ የቱ ነው? እንዴትስ ፈታኸው?» ሲለው ምላሱ ተሳሰረ። 20 ደቂቃ ሳይሞላው ወጣ፤ ለሳምንት ያህልም ቤት ውስጥ ሰው አላናገረም። አባቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን የባንክ ቤት ማስታወቂያ ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጁ ግን «ተስፋ ቆረጡብኝ» ብሎ ተረዳው።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ኮድ አላውቅም። ሆኖም በመሥሪያ ቤቴ ከጠያቂዎች ወገን የተቀመጥኩባቸው ጊዜያት አሉ። ሸምድዶ የመጣ ሰው ከሁለተኛው ጥያቄ ጀምሮ ይታወቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ቀማሁትና ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት ይዘን ወጣን። ባሕር ዛፉ መሀል ስንደርስ ሁለታችንም እያለከለክን «የእማዬን የእድር ነገር ንገረኝ» አልኩት። ሳቀ። «እሱ እኮ የልጅ ሥራ ነው፤ ሲቪዬ ላይም አላስገባሁትም።»

እማዬ የሰፈሩ የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ደብተሯ ቡና ፈስሶበት ሲበላሽ፣ ወርሃዊ መዋጮ የምትመዘግብበት ትንሽ መተግበሪያ ሠራላት። በመጀመሪያው ወር «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን ኔትወርክ ተቋረጠ። ደግማ ተጫነችው። ማታ ስትደምር የአንዲት ጎረቤታችን 100 ብር ሁለቴ ገብቷል፤ የሌላዋ ደግሞ የለም። «ብሩ የት ሄደ? ደብተሬ እንኳ እንዲህ አላዋረደኝም!» ብላ ጮኸችበት።

እንዴት እንዳስተካከለው ዳገቱን እየወጣን ነገረኝ። አሁን መዝገቡ በቅድሚያ እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ማዕከሉ የሚላከው ኔትወርክ ሲመጣ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ከመላኩ በፊት የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ አሥር ጊዜ ቢላክ እንኳ ማዕከሉ ቁጥሩን አይቶ «ይሄንንማ ይዤዋለሁ» ይላል። ሁለተኛው ራስ ምታት ጳጉሜን ነበረች። መተግበሪያው የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ስለነበረ በጳጉሜን የተከፈለው መዋጮ መስከረም ላይ ገባ። በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን የምትሆነዋን ጳጉሜን ጨምሮ ስሌቱን በእጁ ጻፈው።

«ታዲያ ያ ሰውዬ የጠየቀህ ይሄን አይደል እንዴ?» አልኩት። ቆሞ አየኝ።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ የየቤታችን ጉዳይ ሆኗል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ «ገንዘቡ ሁለቴ እንዳይቆረጥ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ከዝርዝር የተለቀመ አይደለም፤ ቀጣሪውን እንቅልፍ የሚነሣው ነገር ነው። ልጃችሁ የሚሠራው በኮትሊን ይሁን በፍላተር ይህን ጥያቄ አያመልጥም።

ትምህርቱ በነጻ አለ። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከሚሰጣቸው ኮርሶች አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ነው። ኤቱኤስቪ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው ድርጅት ደግሞ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጨምሮ ወጣቶችን ለእነ ጉግል ዓይነት ኩባንያዎች ፈተና ያዘጋጃል፤ አልፈው የተቀጠሩም አሉ። እዚያ ተማሪዎች መልሱን ከማግኘት ባለፈ አስተሳሰባቸውን ጮክ ብለው እያስረዱ መፍታትን ይለማመዳሉ። ይህን ልምምድ ወላጅም ሳሎኑ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ «አልገባኝም፣ እንደገና አስረዳኝ» ማለት ይበቃል። በዚህ ከእማዬ የሚበልጥ ጠያቂ አላየሁም።

የቀረው ጥቃቅን ነው፤ ግን ሰው ይጥላል። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ከሆነ ስልኩና ላፕቶፑ ከዋዜማው ቻርጅ ይደረጉ፣ የመጠባበቂያ ዳታ ይገዛ፣ ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። «3 ሰዓት» ሲባል በእኛ ነው በፈረንጅ? ተደውሎ ይጠየቅ። የወንድሜ ጓደኛ ጠዋት ተጠብቆ ከሰዓት ሄዷል።

ሲቪውን አብረን አስተካከልነው። የሦስት ዓመቱ ልምድ ወጣ፣ የእድሩ መተግበሪያ ከላይ ገባ። እማዬም ስልኳን አውጥታ በዚያ ሳምንት ያስቸገሯትን ነገሮች አንድ በአንድ አስቆጠረችው።

በቀጠሮው ቀን መገናኛ አካባቢ ካለ ካፌ ሆኜ ጠበቅኩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። አብዛኛውን ጊዜ የጠየቁት ስለ እድሩ ነው። አንዷ ጠያቂ «አንድሮይድ ከ7 ጀምሮ የኢትዮጵያን ካላንደር የሚያውቅ መሣሪያ በውስጡ አለው፤ ለምን በእጅህ አሰላኸው?» አለችው። «መኖሩን አላውቅም ነበር» አላት። ይሄን ሲነግረኝ ፊቱ ቀላ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያማ ሳቀችና እሷም መጀመሪያ በእጇ እንዳሰላችው ነገረችኝ።»

መልሱ ገና አልመጣም። አባቴ የባንኩን ማስታወቂያ ከጠረጴዛው አንሥቶታል፤ የት እንዳደረገው አልጠየቅነውም። ወንድሜ ስልኩን ባየ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን። ከእማዬ በቀር፦ እሷ የምትጠብቀው ለቅሶ የቀሩ አባላትን ቅጣት የሚያሰላውን ክፍል ነው፤ ለእሑዱ ስብሰባ እንዲደርስላት ነግራዋለች።