ጎድኑን የሚያበስለው ስጎው አይደለም

ስለ ጥብስ መጻፍ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለወጣ ሰው አይገባም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን አንድን ሕዝብ ለማወቅ የፈለገ ሰው ሕገ መንግሥቱን ካነበበ በኋላ ምድጃውንም ቢመለከት አይከፋም ባይ ነኝ። በተለይም ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ አሜሪካን አገር የሚሄድ ወጣት በአንድ የበጋ እሑድ ወደ ሰው ጓሮ መጋበዙ አይቀርምና፣ በዚያ ስለሚጠብቀው የአሳማ ጎድንና ስለ ባርቤኪው ስጎ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የአሳማን ሥጋ በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በብዛት ስለማይነካው፣ ይህን አንብቦ ፊቱን የሚያጨማድድ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ብሉ ብዬ የምሰብክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የማንበላውን ነገር ሁሉ ማወቅ አያስፈልገንም ማለት ሌላ ነገር ነው።

የእኔ ጠብ ከጠርሙሱ ጋር ነው። የዛሬው ሰው ቀይ ስጎ የሞላበትን ጠርሙስ ከገበያ ይገዛና፣ ጥሬውን ጎድን በስጎው አጥምቆ በሚንቦገቦግ ነበልባል ላይ ይጥለዋል። ወዲያው ውጪው እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ጥፋቱም በስጎው ይመካኛል። በካንሳስ ሲቲ ስም የታወቀው ስጎ ከቲማቲም፣ ከአቼቶ፣ ከሞላሰስ ወይም ከቡናማ ስኳርና ከቅመም የሚሠራ ነው። ስኳር ደግሞ ሙቀቱ ከ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ያርራል፣ ይመርራልም። እንግዲህ ስጎው ምን ያድርግ?

ጎድን ሥጋው ጥቂት፣ ጅማቱ ብዙ ነው። ጅማቱ ኮላጅን ከሚባለው ነገር የተሠራ ሲሆን፣ በለዘበ ሙቀት ብዙ ሰዓት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ሥጋውን ለጥርስ የሚያለሰልሰውም ይኸው ነው። የአሜሪካን የእርሻ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባወጣው መመሪያ፣ ያልተፈጨ የአሳማ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ከደረሰና 3 ደቂቃ ካረፈ ለጤና አያሰጋም ብሏል። ጎድን ግን በዚህ ሙቀት ቢወጣ እንደ ጠፍር ይለጠጣል፤ እስከ 90 ወይም 95 ዲግሪ ሊደርስ ይገባዋል። ለዚህም ምድጃውን ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ አድርጎ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መታገሥ ነው።

ሙያው ያለው ሰው በአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን በጨርቅ ይዞ ይገፈዋል፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የማያቃጥል በርበሬና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ያሸዋል። ፍሙን ወደ ምድጃው አንድ ወገን ገፍቶ ሥጋውን በሌላው ወገን ያኖረዋል፤ ጥቂት የሂከሪ ወይም የፖም እንጨት ለጢስ ይጨምርና ይከድነዋል። ከዚያ በኋላ ከባዱ ሥራ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አለመክፈት ነው። ስጎው የሚመጣው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው፤ በስሱ ይቀባል፣ እስኪጣበቅ ይጠበቃል፣ እንደገና በስሱ ይቀባል። በሜምፊስ ከተማ እንዲያውም ስጎ የሚባል ነገር ሳይነካው በደረቅ ቅመም ብቻ የሚቀርብ ጎድን አለ፤ እኔ በበኩሌ የምፈርድለት ለዚያኛው ነው።

አንዳንዶች ጊዜ ለማሳጠር ጎድኑን አስቀድመው ይቀቅሉታል። መለስለሱን ይለሰልሳል። ነገር ግን ጣዕሙ በውሃው ውስጥ ይቀርና ውሃው ይደፋል። በእኛ አገር መረቅ የሚደፋ ሰው ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። ቀቅሎ ስጎ የሚቀባ ሰው ሪፖርቱን ሳይሠራ ሽፋኑን በወርቅ ቀለም የሚያሳትም ጸሐፊ ይመስለኛል፤ እንደዚህ ያለውን ጸሐፊ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ወዳጆቼ ፈልገው አያጡትም።

ጠርሙሱን የማልወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በካንሳስ ሲቲ ይህን ሙያ በንግድ ያቋቋሙት ሄንሪ ፔሪ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በሜምፊስ አጠገብ ተወልደው፣ በወንዝ መርከቦች ላይ ሲሠሩ ቆይተው በ1907 ዓ.ም. ካንሳስ ሲቲ ገቡ፤ ጥብሱንም በጋዜጣ እየጠቀለሉ ይሸጡ ነበር። የሳቸው ስጎ የሚያቃጥል እንጂ የሚጣፍጥ አልነበረም ይባላል። በ1940 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥራው ወደ ቻርሊ ብራያንት፣ ቀጥሎም ወደ ወንድማቸው ወደ አርተር ብራያንት አለፈ፤ ስጎውን ያለዘቡት አርተር ናቸው። ወፍራሙና ጣፋጩ ስጎ በጠርሙስ አገር ያዳረሰው ግን በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሪች ዴቪስ የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም «ኬሲ ማስተርፒስ» ብለው ካወጡት በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. ክሎሮክስ የተባለው ኩባንያ ገዛው። በሐኪሙ ላይ ወቀሳ የለኝም፤ ሠርተው ሸጡ። ነገር ግን የጠርሙሱ ስም በየሱቁ ተደርድሮ ሲታይ፣ የፔሪን ስም አሜሪካኖች ራሳቸው ስንቶቹ ያውቁታል? ከፔሪም በፊት፣ ባርነት እስከ ተሻረበት እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስ፣ በደቡቡ ክፍል ለጌቶች ድግስ ጉድጓድ ቆፍረው ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሲጠብቁ ያደሩት በብዛት ጥቁር ባሮች ነበሩ፤ የአብዛኞቹ ስም የተጻፈበት የለም። ተማሪው ወንድሜና እኅቴ የአሜሪካንን ታሪክ ሲያጠኑ ከጦርነቱና ከአዋጁ ጎን ይህንን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ጥብሱ ከድግስ ጉድጓድ ወጥቶ ተራው ሰው ጓሮ እንዲገባ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በ1952 ዓ.ም. ጆርጅ ስቲቨን የሚባሉ የቺካጎ ብረት ሠራተኛ ከባሕር ምልክት ተንሳፋፊ ብረት የሠሩት ባለ ክዳን ክብ ምድጃ ነው። በቤት መጥበስ ማለትም በጓሮ መጥበስ ማለት ነው እንጂ በሳሎን መጥበስ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው እኛ ከሰልን ከቤት አስገብተን ማንደድ የለመድን ሕዝብ ስለሆንን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በብርድ አገር በሩ ጥብቅ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ስለሆነ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ጥብሱ ካለቀ በኋላ የተረፈውን ፍም ለመሞቂያ ይዞ ወደ መኝታ ክፍል መግባት፣ ተኝቶ አለመነሣት ነው። ፍሙ በውጪ ይጥፋ፤ አመዱም እስኪበርድ በውጪ ይደር።

የተጋበዘው ወጣት «አሳማ አልበላም» ቢል አስተዋይ ጋባዥ አይቀየመውም፤ በአጭሩ መናገር ይበቃል። የሚያሳፍረው ሰሐኑን በፈገግታ ተቀብሎ ሥጋውን በወረቀት ጠቅልሎ መደበቅ ነው። ሙያውም በአሳማ ብቻ የታሰረ አይደለም። ቴክሳስ የታወቀው በበሬ ሥጋ ነው፤ በኬንታኪ ኦወንስቦሮ በምትባለው ከተማ ደግሞ የበግ ሥጋ በዚሁ ዘዴ በጢስና በፍም ይበስላል፤ ማጥለቂያውም ቀጭንና ጥቁር፣ አቼቶ ያለበት ነው። ይህንን በበግ ጎድን መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፣ የበግ ስብ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ስለሚያስነሣ፣ ከሥጋው ሥር ውሃ ያለበት የብረት ሰሐን ያኑርበት።