የዱር እንስሳት ጥናት ከዓይን ይጀምራል

በመንዝ ጓሳ የሚኖሩ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆነው አይጥ ሲያድኑ ከመቶ 67 ያህሉ ሙከራቸው ይሳካል፤ ብቻቸውን ሲያድኑ ግን የሚሳካላቸው 25 ያህሉ ብቻ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የመሩት ቪቬክ ቬንካታራማን ከጊዜ በኋላ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነዋል።

ግኝቱ በዋነኛነት የትዕግሥት ፍሬ ነው። መንጋውን በብርድና በጭጋግ መከተል፣ ቀበሮዋ ስንት ጊዜ እንደሞከረችና ስንት ጊዜ እንደቀናት መመዝገብ ይጠይቃል። የመስክ ክህሎት የሚባለው ይኸው ነው፤ አስተውሎ ማየት፣ ያዩትን ሳይጨምሩ መጻፍ፣ በማግስቱም መመለስ።

በካልጋሪ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው ሕክምናን ወይም ምህንድስናን ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። ለስደተኛ ቤተሰብ የተረጋገጠ እንጀራ ቀላል ነገር አይደለም፤ የመስክ ሥራም ብዙ ጊዜ ወቅትን የተከተለ ነው። ሆኖም ዝንባሌን መሞከር ሙያን መወሰን አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በመናፈሻዎቿ ካሜራዎች ተክላ፣ የተነሡትን እንስሳት በጎ ፈቃደኞች በፎቶግራፍ እንዲለዩ ትጋብዛለች። ኖዝ ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ ደብተር ይዞ አጋዘንና ኮዮት መመልከትም ክፍያ አይጠይቅም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በላይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚገኙት በኢትዮጵያ ተራሮች ነው። የጓሳን ምድር እስከ ዛሬ ያቆየውም ከሁሉ በፊት የመንዝ ገበሬ ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዲያገግም በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ይከለል ነበር። ሣሩ መቼ እንደሚደርስ፣ እንስሳው የት እንደሚያድር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዕውቀታቸውን የያዙት በአማርኛ ነው።

በካልጋሪ ያደገ፣ አማርኛ የሚናገርና መመዝገብን የለመደ ወጣት እነዚህን አባቶች ያለ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ወላጆች ቋንቋውን ሲያስተምሩት ለሳይንስም ስንቅ እየሰነቁለት መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።