የአያታችሁን ቀረርቶ ቅዱልኝ

ይድረስ ለአገሬ ልጆች፤

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሄቪ ሜታል ነው። አትሳቁ።

እዚህ ሄልሲንኪ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ፊንላንዳዊ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍን ሳለ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠኝ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት የሚያስነሳው ጄኔሬተር መሰለኝ። ቆይቶ ግን ከጩኸቱ ሥር እንደ እንጉርጉሮ ያለ ዜማ ሰማሁ። «የእኛ ተረት ነው» አለኝ።

ያሰማኝ አሞርፊስ የሚባለው ባንድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ያወጣው አልበም ነው፤ ግጥሙ ካሌቫላ ከተባለው የፊንላንዶች የተረት መጽሐፍ የተቀዳ። ካሌቫላን ያሰናዳው ኤልያስ ሎንሮት የተባለ ሐኪም ነው። ፊንላንድ በሩሲያ ዛር ሥር ሳለች በየገጠሩ እየዞረ ከባላገር አፍ የለቀመውን ግጥም በ1835 አሳተመው። አገሪቱ ነፃ የወጣችው በ1917 ነው፤ መጽሐፏ ከመንግሥቷ ቀደመ። እኛ ክራር እንዳለን እነሱም ካንተሌ አላቸው፤ በካሌቫላ ሽማግሌው ቫይናሞይነን ካንተሌውን ከዓሣ መንጋጋ ይሠራዋል።

የሚገርመው፣ አሞርፊስ ይህን ሁሉ የሚዘፍነው በእንግሊዝኛ ነው። ጊታሩም የመጣው ከውጭ ነው። ባልደረባዬን ግን «ያንተ አይደለም» ብላችሁ አታሳምኑትም።

በዚህ ሙዚቃ እነሱም ተጣልተዋል። በ2006 ሎርዲ የተባለው ባንድ የጭራቅ ጭምብል አጥልቆ ለዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ሲመረጥ «አገር ሊያዋርድ ነው» ያሉ ነበሩ። አቴንስ ላይ በ292 ነጥብ አሸንፎ ሲመለስ የሄልሲንኪ አደባባይ በሰው ተጥለቀለቀ። እኛም ዘንድ ጃኖ የተባለው የሮክ ባንድ በፈረንጅ 2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው የእኛ?» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ማዳመጫውን የሰጠኝ ቀን ታዲያ ለባልደረባዬ ጉራዬን ነዛሁ። አያቴ ለቅሶ ላይ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ ሲፎክሩ ያለ ድምፅ ማጉያ ቀዬውን ያናውጡት እንደነበር ነገርኩት።

«እስቲ አሰማኝ» አለኝ።

ስልኬን አወጣሁ። የልደት ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የዶሮ ወጥ ፎቶ ሞልቶታል። የአያቴ ድምፅ የለም። ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አልቀዳኋቸውም። ባልደረባዬ ምንም ሳይል ወደ አንሶላው ተመለሰ።

ስለዚህ የእኛ ልጆች ጊታር ቢያስጮኹ አትቆጡ። የፊንላንድ ልጆች የሚጮኹለትን ያገኙት ቀድሞ የጻፈላቸው ስላለ ነው። የእኛዎቹ ባዶ ቢጮኹ ዕዳው ሳንቀዳ የቀረነው የእኛ ነው።

እናንተ ቅርብ ናችሁ። ለፋሲካ ገጠር ስትገቡ፣ ቀረርቶም ይሁን ጌረርሳ፣ «እስቲ ያችን ነገር» በሏቸውና ቅዱ። ማን ለማን፣ የትኛው ቀን ላይ እንዳለው ጠይቁ። ከዚያ ላኩልኝ፤ የማሰማው ሰው አለኝ።

ወንድማችሁ፣ ከሄልሲንኪ