እግራችንን የሚያስቆርጠን ምንድን ነው?

በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ስለ እግር የደም ሥር መጻፍ የሕክምና ተማሪዎች ሥራ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ አይጠፋም። በበኩሌ ግን ጉዳዩ የሁላችንም ነው እላለሁ። በሽታውን የሚያመጡት ነገሮች ከሐኪም ቤት አስቀድሞ በየመኝታ ክፍላችን፣ በየሻይ ቤቱና በየቤተ ሰባችን መካከል ይገኛሉና።

ደምን ወደ እግር የሚያወርዱት ደም ቅዳዎች ስብ እየተለጠፈባቸው ሲጠቡ፣ እግር የሚበቃውን ደም አያገኝም። ሰውየው ጥቂት መንገድ እንደ ሄደ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል ይተወዋል፤ እንደገና ሲራመድ ይመለስበታል። ብዙዎች ደግሞ ምንም ሳይሰማቸው ይቆያሉ። በሽታው ሲጠና ቁስል አልድን ይላል፤ ጣት ይጠቁራል፤ በመጨረሻም እግር ይቆረጣል።

ይህን ሁሉ «ብርድ ነው»፣ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ዕድሜ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ዳሩ ግን ሌሎቹ ምክንያቶች ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ በደም ውስጥ የበዛ ኮሌስትሮልና የኩላሊት ሕመም ናቸው። ግንባር ቀደሞቹ ሲጋራና ስኳር ናቸው። ሲጋራ የደም ሥሩን ውስጠኛ ገጽ ይጎዳል፤ ደሙንም ለመርጋት ያመቻቸዋል። ስኳር በበኩሉ የደም ሥሩን ከማጥበቡም በላይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። እንዲህ ያለው ሰው «ብርድ ነው» ተብሎ እግሩን ምድጃ ዳር ሲያሞቅ ቢቃጠል እንኳ ላያውቀው ይችላል።

«የሀብታም አገር በሽታ ነው» ለሚሉት ቁጥሩ መልስ ይሰጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 202 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንደ ነበረባቸው ገምቷል። ከመቶው 70 ያህሉ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

«የሽማግሌ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወጣትም አለ። ሲጋራ የተወ ሰው አደጋው ይቀንስለታል፤ ሆኖም አጭሶ ከማያውቀው ሰው ጋር እስኪስተካከል ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ በስድሳ ዓመት የሚከፈለው ዕዳ የሚጻፈው ዛሬ፣ በሃያ ዓመታችን ነው።

ሕግ የለም እንዳንል በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥም አዟል። ሕግ ግን አስከባሪ ካጣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማኅበራችን አዋጁ በመኝታ ቤቶችና በመዝናኛ ክበባችን እንዲከበር ይቁም። መምህራኖቻችንም በተማሪ ፊት ሲጋራ ባለመለኮስ ይርዱን። ክሊኒኮች የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ማወዳደር ይልመዱ፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ውጤቱ ከ0.90 በታች ከሆነ የደም ሥሩ ለመጥበቡ ምልክት ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልግም።

ለእያንዳንዳችን ደግሞ አንድ ሥራ አለ። የወላጅን እግር ማጠብ የቆየ ወጋችን ነው። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንገባ የአባት የእናታችንን እግር ስናጥብ ልብ ብለን እንመልከት። የቀዘቀዘ ጣት፣ ያልዳነ ቁስል ብናይ «ብርድ ነው» ሳንል ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው፤ ስኳራቸውንና ግፊታቸውንም እናስለካ። የተማረ ልጅ ለወላጁ ቢያንስ ይህን ሊያደርግ ይገባዋል።