ትኩረት የሚሻው ያልተፈተገ እህል

ጤፍ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ስንዴ ለዘመናት የኢትዮጵያ ሕዝብ ዋነኛ ምግብ ሆነው ኖረዋል። እነዚህ ሰብሎች በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በገንፎ፣ በቅንጬ፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ ለገበታ ሲቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬያቸው ጠቃሚ ክፍል ሳይወገድ ነበር። ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ግን በከተሞች የነጭ ዱቄት ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒና የተፈተገ ሩዝ ቦታውን እየወሰዱ መጥተዋል። ይህ ለውጥ በጤና ላይ የሚያስከትለው ጫና የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የአስፈጻሚ አካላትም ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

አንድ የስንዴ ፍሬ ሦስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም የውጪ ሽፋኑ ወይም ገለፈቱ፣ ቡቃያ የሚወጣበት ሽሉ እና አብዛኛውን መጠን የሚይዘው ነጭ የስታርች ክፍል ናቸው። ፋብሪካ ፉርኖ ዱቄት ሲያመርት ገለፈቱንና ሽሉን አስወግዶ ነጩን ክፍል ብቻ ያስቀራል። የተወገደው ክፍል ፉሩሽካ በሚል ስም ለከብት ማድለቢያና ለወተት ላሞች መኖ ይውላል። በአሰር፣ በብረት፣ በዚንክና በቢ ቫይታሚኖች የበለጸገው ክፍል በአመዛኙ ይኸው ነው። ያልተፈተገ የስንዴ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ ከ10 ግራም በላይ አሰር ሲኖረው፣ በነጩ ዱቄት ውስጥ የሚገኘው 3 ግራም አይሞላም።

ጤፍ በዚህ ረገድ የተለየ ሥፍራ አለው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ፈትጎ ሽፋኑን መለየት ስለማይቻል፣ ነጭም ሆነ ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ የሚፈጨው እንዳለ ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር ይገኛል። ሊጡ በእርሾ ለቀናት መቡካቱም ሰውነት እንደ ብረትና ዚንክ ያሉ ማዕድናትን እንዳይጠቀም የሚያግደውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ስለሆነም ያልተፈተገ እህል መመገብ ለኢትዮጵያውያን ከውጪ የሚመጣ አዲስ ልማድ ሳይሆን የነበረውን የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ዓለም አቀፍ ጥናቶችም ያመለክታሉ። ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ዙሪያ ከአመጋገብ ጉድለት ጋር ከተያያዙ 11 ሚሊዮን ሞቶች ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህሉ ያልተፈተገ እህል በበቂ መጠን ካለመመገብ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2015 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ፣ የካርቦሃይድሬት ምግቦች በዋነኛነት ከያልተፈተገ እህል፣ ከአትክልት፣ ከፍራፍሬና ከጥራጥሬ እንዲገኙ፣ አዋቂ ሰውም በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲመገብ መክሯል። በኢትዮጵያ ውስጥ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለ39 በመቶ ሞቶች ምክንያት እንደነበሩ ድርጅቱ ገምቷል።

የአመጋገብ ለውጡ በጉልህ ከሚታይባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች አንዱ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ ነው። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ በተካሄደው የቤቶች ልማት ፕሮግራም የተገነቡት የጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሳይቶች በርካታ ሕዝብ የሰፈረባቸው ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ሠፈር ባልና ሚስት ማልደው ወደ ሥራ ይወጣሉ፤ የልጆች ቁርስ ዳቦ፣ የምሳ ዕቃቸውም ፓስታ ወይም ሩዝ መሆኑ የተለመደ ነው። እንጀራም ከቤት ይልቅ ከሱቅ ይገዛል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲታቀዱ እንጀራ ለመጋገርና ለመሰል ሥራዎች እንዲያገለግሉ ኮሙናል የሚባሉ የጋራ ሕንፃዎች ተሠርተው ነበር። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ሳይቶች ሕንፃዎቹ ለሌላ አገልግሎት ውለዋል።

ሌላው ምክንያት ዋጋ ነው። ጀሞ በጤፍ ምርቱ ከሚታወቀው የበቾ ሜዳ ብዙም የማይርቅ ቢሆንም፣ ቅርበቱ ነዋሪውን ከዋጋ ንረት አልታደገውም። በተለይ በ2015 ዓ.ም በመዲናዋ የታየው የጤፍ ዋጋ መናር በርካታ ቤተሰቦች ጤፍን ከሌላ እህል ጋር እንዲቀላቅሉ አስገድዷል። መቀላቀሉ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ወሳኙ የሚቀላቀለው እህል ዓይነት ነው። ማሽላ፣ ዳጉሳ ወይም ገለፈቱ ያልወጣ ገብስ የተጨመረበት እንጀራ ያልተፈተገ እህልነቱን አይለቅም። የተፈተገ ሩዝ ወይም ፉርኖ ዱቄት የበዛበት እንጀራ ግን መልኩ ቢነጣም የአሰርና የማዕድን ይዘቱ ይቀንሳል። ሸማቹ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መንግሥት በዘርፉ በርካታ እርምጃዎችን ወስዷል። የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ በ2011 ዓ.ም፣ አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ደግሞ በ2014 ዓ.ም ይፋ ሆነዋል። በዚያው በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በ2012 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ የበጋ መስኖ ስንዴ ልማትም ተስፋፍቷል። እነዚህ እርምጃዎች ዳቦን ለማዳረስ የታለሙ በመሆናቸው የሚደገፉ ናቸው። ነገር ግን ዱቄትን ማበልጸግ የተወሰኑ ቫይታሚኖችንና ማዕድናትን ቢመልስም በፍተጋ የጠፋውን አሰር አይመልስም። በመሆኑም የዳቦ አቅርቦቱ ጥያቄ በብዛት ብቻ ሳይሆን በይዘትም መታየት አለበት።

ጉዳዩ የምግብ ዋስትና ገጽታም አለው። ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚገኘው ነጭ ዱቄት 75 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ቀሪው በአመዛኙ ፉሩሽካ ይሆናል። ስንዴው እንዳለ ቢፈጭ ግን ከሞላ ጎደል መላው ለሰው ምግብነት ይውላል። እርግጥ ነው፣ ፉሩሽካ ለወተትና ለሥጋ ምርት አስፈላጊ መኖ በመሆኑ ሁሉንም ወደ ዱቄት የመለወጡ ሐሳብ የእንስሳት እርባታውን ይጎዳል። ስለዚህ የተሻለው አማራጭ የተወሰነ መጠን ያለው ያልተፈተገ ዱቄት በቋሚነት እንዲመረት ማድረግ ነው።

በአፈጻጸም ረገድ የሚያጋጥሙ ችግሮችም አሉ። በሽሉ ውስጥ ያለው ቅባት ያልተፈተገ ዱቄት ቶሎ እንዲበላሽ ስለሚያደርግ፣ ፋብሪካዎችና ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ነጭ ዱቄት ይመርጣሉ። ነጭ ዳቦና ነጭ እንጀራ የክብር ምልክት ተደርገው መታየታቸውም ሌላው መሰናክል ነው። የመጀመሪያውን ችግር በየሠፈሩ ያሉ ወፍጮ ቤቶች ሊያቃልሉት ይችላሉ። ስንዴን በትንሽ በትንሹ አስፈጭቶ በአጭር ጊዜ መጠቀም ለሚቻልበት እንደ ጀሞ ላለ ሠፈር ይህ አመቺ ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእሁድ ገበያዎችም ስንዴ፣ ማሽላና ዳጉሳ በፍሬው ቢያቀርቡ የነዋሪው ምርጫ ይሰፋል። ኮሙናል ሕንፃዎች ለታለመላቸው ዓላማ ቢመለሱ ደግሞ በማኅበር ተደራጅተው እንጀራ ለሚጋግሩ ሴቶች የሥራ ቦታ ይሆናሉ።

ሁለተኛውን ችግር ለማቃለል ከምክር ይልቅ ተግባራዊ አርአያነት ይበልጣል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ የሠራተኞች ክበቦች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች በየዕለቱ ለብዙ ሰው ምግብ ያቀርባሉ። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ መርሐ ግብርም እንዲሁ። እነዚህ ተቋማት በግዥ ሰነዳቸው ላይ ከሚገዙት ዱቄት የተወሰነው ያልተፈተገ እንዲሆን ቢያካትቱ፣ ለዱቄት ፋብሪካዎችና ለዳቦ ቤቶች አስተማማኝ ገበያ ይፈጠራል። በቀለም ጠቁሮ ያልተፈተገ መስሎ የሚሸጥ ዳቦ እንዳይበራከትም የይዘት መግለጫና ቁጥጥር ያስፈልጋል።

በቤተሰብ ደረጃ ለውጡን ከትንሹ መጀመር ይቻላል። የጠዋቱን ነጭ ዳቦ በሳምንት ጥቂት ቀናት በገንፎ ወይም በአጃ መተካት፣ ለልጆች መክሰስ ከብስኩት ይልቅ ቆሎ ወይም የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ማቅረብ ለዚህ ይጠቅማል። አሰር ያላቸውን ምግቦች መጠን ቀስ በቀስ መጨመርና በቂ ውኃ መጠጣት የሆድ መነፋትን ይቀንሳል። የጨጓራና የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል።

በአጠቃላይ ፖሊሲውና የአመጋገብ መመሪያው በሥራ ላይ ናቸው፤ እህሉም በአገር ውስጥ ይመረታል። የሚቀረው የግብርና፣ የጤና፣ የንግድና የትምህርት ዘርፎች ተቀናጅተው መመሪያውን ከወረቀት ወደ ገበታ ማውረድ ነው። ለዚህም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከራሳቸው ክበብ ቢጀምሩ፣ እንደ ጀሞ ባሉ ሠፈሮች የሚኖረው ሠራተኛ በሥራ ቦታው የለመደውን ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል።