ድርቁ የማን ኃጢአት ነው?

ወዳጆቼ፣ የሰቆጣ የድሮ ተማሪዎቼ ኢንቦክስ ከሚልኩልኝ የሃይማኖት ጥያቄዎች አንዱ ሁሌም ይመለሳል። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ዋግ ላይ ድርቅ የሚመላለሰው በኃጢአታችን ነው ወይ?» አንዷማ «ቲክቶክ ላይ አንድ ሰባኪ እንደዚያ ሲል እናቴ ሰምታ ስታለቅስ አመሸች» ብላኛለች። ለእሷ በአጭሩ መልሻለሁ። እዚህ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ሻያችሁን ያዙ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ይህንኑ ነው የጠየቁት፤ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አይደለም አላቸው። ሉቃስ 13 ላይ ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ራሱ አነሣና፣ እነዚያ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። ከዚያ ዞሮ ሰሚዎቹን ነው ንስሐ ግቡ ያላቸው። ንስሐ የተጠየቀው ቆሞ የሚያወራው ሰው ነው፤ ግንቡ የወደቀበት አይደለም።

«እሺ፣ ዘዳግም 28ስ? ካልታዘዛችሁ ሰማዩ እንደ ናስ ይሆናል ይል የለም ወይ?» ይላል። አልክድም። ግን ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህን ታስታውሳላችሁ፦ ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል። መሬቱ ረጥቦ ካገኛችሁት ግን የግድ ዘንቧል ማለት አይደለም፤ እናታችሁ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ደፍተው ይሆናል። ዘዳግም ኃጢአት ድርቅ ሊያመጣ ይችላል አለ እንጂ፣ ድርቅ ያያችሁበት አገር ሁሉ ኃጢአተኛ ነው አላለም። ያማ ቢሆን ኖሮ አብርሃም ከነዓን በገባ ማግሥት ራብ አግኝቶት ወደ ግብፅ ሲወርድ ምን ልንል ነው? ይስሐቅስ? ዘፍጥረት 12ንም 26ንም አንብቡ፣ የማንም በደል አልተጠቀሰም። ደግሞስ ጎጃም ላይ ዝናብ የሚጥለው ጎጃሜ ከዋግ ሰው ይልቅ ጻድቅ ስለሆነ ነው እንዴ? (የጎጃም ወዳጆቼ እዚህ ላይ ዝም በሉ።)

መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ «ይህ ራብ በበደል የመጣ ነው» የሚልባቸው ቦታዎች አሉ። እነሱን መዝለል አልፈልግም፣ ምክንያቱም ለጥያቄው የሚበጀው ነገር ያለው እዚያ ነው። 2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ራብ ሆነ። ዳዊት እግዚአብሔርን ጠየቀ። መልሱ ምን ነበር? ሳኦል በገባዖን ሰዎች ላይ ያፈሰሰው ደም ነው። ማለትም ጥፋቱ የቤተ መንግሥት ነበር፣ የተራበው ግን ሕዝቡ። (የምዕራፉ ቀሪ ክፍል ከባድ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።) በኤልያስ ዘመንም ድርቁ የታወጀው በአክዓብ ፊት ነው፤ የመጨረሻ እፍኝ ዱቄቷን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ስትለቅም የተገኘችው ግን የሰራፕታዋ መበለት ናት። ነቢዩ ራሱ እንኳ የሚጠጣው ወንዝ ደረቀበት። አሞጽ 4ንም ተመልከቱ። ዝናብ ከለከልኩ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ምዕራፉ የሚጀምረው ድሀ እያስጨነቁ መጠጥ አምጡልን በሚሉ የሰማርያ ባለጠጎች ነው። እና ነቢያቱ ራብን ከኃጢአት ጋር ሲያገናኙ ጣታቸው ወዴት እንደሚቀሰር አያችሁ? ወደ ጎተራውና ወደ ዙፋኑ ነው። ባዶ አቁማዳ ይዛ የተቀመጠችን እናት «ያንቺ ጥፋት ነው» ያላት ነቢይ እኔ አላገኘሁም።

የእኛም ታሪክ ይኸው ነው። በ1965 እና 66 ዋግ የወሎ አውራጃ ሳለች ወሎ ሲራብ፣ ጉዳዩ ከዓለም ተሸሸገ። በኋላ አማርትያ ሴን የተባለው ኢኮኖሚስት መረጃውን ሲመረምር፣ የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ ጭራሽ ከተራበው ወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ጻፈ። የወሎ ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። መስከረም 1977 ደግሞ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ከእኛ አገር በእግሩ ተጉዞ ቆረም የደረሰው ሰው ሜዳ ላይ ይረግፍ ነበር። ኃጢአት አለ ወይ ካላችሁኝ፣ አለ እንጂ! አድራሻውን ግን አታሳስቱ።

የዝናቡ ነገርም ምክንያት አለው። በ2007 እና በ2015 ክረምት ዝናቡ ሲከዳን ዓመቶቹ የኤልኒኖ ነበሩ፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሲሞቅ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ይደክማል። አበርገሌ፣ ዝቋላና ሳህላ ደግሞ ቆላ ናቸው፣ ተከዜ ከሥራቸው በገደል ውስጥ እየፈሰሰ ማሳው ይደርቃል። ይህን ማወቅ እምነት አይቀንስም። ሐኪም ወባ የሚመጣው በትንኝ ነው ስላለ ጸሎት አናቆምም።

«ታዲያ ምህላ ለምን እንይዛለን?» ያላችሁኝም አላችሁ። ምህላውን ያዙ፣ እኔም እይዛለሁ። ግን እግዚኦታው ላይ ያለውን ቃል አድምጡት፦ «መሐረነ» ነው፣ ማረን። ካህኑም፣ ገበሬውም፣ ሹሙም እዚያው ውስጥ አሉ። ኤርምያስ 14 ላይ ነቢዩ ስለ ድርቁ ሲጸልይ ያልበደለውን ራሱን ጨምሮ «በደላችን» ብሎ ነው። ሰባኪው ግን ሞቅ ባለ ስቱዲዮ ተቀምጦ፣ ቁርሱን በልቶ «በደላችሁ» አለ። የአንድ ፊደል ልዩነት ትመስላለች። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገር የተበላሸው። ሦስቱም «መቼም ሳትበድል አይቀርም» ባዮች ነበሩ፣ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም አዘዛቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 2007 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል በእኛው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። የሚያነጣጥረው ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ነው። ገና «እማ» ማለት የጀመረን ልጅ ይዛችሁ በማን ኃጢአት ነው የቀነጨረው ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። ተመልሳችሁ ዮሐንስ 9 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ጌታ እዚያ ምክንያት ፍለጋውን አቁሞ ጭቃ ለወሰ፣ የሰውየውንም ዓይን ቀባ።

የሐዋርያት ሥራ 11ም አለላችሁ። አጋቦስ የሚባል ነቢይ አንጾኪያ ላይ ታላቅ ራብ እንደሚመጣ ተናገረ። ምእመናኑ የማን ኃጢአት ነው ብለው ጉባኤ አልጠሩም። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጣ፣ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ያውም ራቡ ሳይብስ በፊት። ውጭ አገርና አዲስ አበባ ያላችሁ የዋግ ልጆች፣ ለዘመድ የምትልኩትን ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር አስቡት፤ ፍየሉ በርካሽ ተሽጦ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ብር የሚመልሰው ጥቂቱን ነው።

ኮሜንት ላይ ዘዳግም 28ን ብቻ ለጥፎ ለሚሄድ መልስ አልሰጥም። 2ኛ ሳሙኤል 21ን አንብቦ ከሚመጣ ጋር ግን እስከፈለገ ድረስ እከራከራለሁ። ስለ 81 እና 66 መጻሕፍት የጠየቃችሁኝ ደግሞ አልረሳሁም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመጽሐፈ ሄኖክ እንጀምራለን።