ዘፈኑ የማን ነው?

የዛሬው ዓምዳችን ስዊድን ድረስ ይወስዳችኋል። ምክንያት አለን። ሰሞኑን በወጣቶች ማዕከል አንዱ ልጅ በስልኩ በጊታር ብቻ የታጀበ ረጋ ያለ የእንግሊዝኛ ዘፈን አሰማ። ስሙ «ሃርትቢትስ» ነው፤ የልብ ትርታ እንደማለት። ሌላው ቀበል አድርጎ «ይሄማ የሰው ዘፈን ነው! ዋናው በኮምፒውተር የተሠራ የጭፈራ ዘፈን ነው» አለ። በዚህ ተጨቃጭቀው ነገሩ እኛ ዘንድ መጣ።

እንደኛ ፍርድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዘፈኑን የሠሩት ካሪን ድራየር እና ኦሎፍ ድራየር የሚባሉ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 «ዘ ናይፍ»፣ ማለትም «ቢላዋ» ብለው ተጣመሩ። የትልቅ ኩባንያ ደጅ ከመጥናት ራሳቸው «ራቢድ ሪከርድስ» የሚል አሳታሚ አቋቋሙ። «ሃርትቢትስ» በ2003 በወጣው «ዲፕ ከትስ» አልበማቸው ውስጥ ይገኛል። የ2006ቱ «ሳይለንት ሻውት» ጨለም ያለ ነው፤ የካሪን ድምፅ በማሽን ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ማን እንደሚዘፍን ግራ ይገባል። በ2013 «ሼኪንግ ዘ ሀቢቹዋል» ተከተለ፤ አንዱ ቁራጭ ብቻ 19 ደቂቃ ነው (እውነቱን ለመናገር እኛ አልጨረስነውም)። በ2014 ቡድኑን በቃ ብለው ዘጉት።

የሚገርመው ጠባያቸው ነው። ፎቶ ሲነሱ ጭምብል ያጠልቁ ነበር። አንድ ጊዜ በአገራቸው ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት ሲያሸንፉ ራሳቸው ቀርተው የጎሪላ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ላኩ፤ ልብሱ ላይ 50 ቁጥር ተጽፎበታል። የሙዚቃውን ሥራ ወንዶች ብቻ ይዘውታል፣ ግማሹ የሴቶች ይሁን ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ጊታሩ። ያንን የዘፈነው ሆሴ ጎንዛሌዝ ነው። ወላጆቹ አርጀንቲናውያን ናቸው፤ በ1976 ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ አገር ጥለው ተሰደው ስዊድን ገቡ። እሱ በ1978 ጎተንበርግ ተወለደ። አዎ፣ የስደተኛ ልጅ ነው! ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ ሲያጠና ነበር ዘፈኑ ትምህርቱን ያስተወው። በ2005 ሶኒ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያው 250,000 ባለቀለም ኳሶች በሳን ፍራንሲስኮ ቁልቁለት ላይ ሲለቅ የተሰማው የሆሴ ድምፅ ነበር። ዓለም ዘፈኑን ያወቀው ያኔ ነው። ሆኖም በአልበሙ ላይ ደራሲዎቹ ካሪንና ኦሎፍ መሆናቸው ተጽፏል። ድምፁ የሆሴ፣ ዘፈኑ የነሱ።

ይህን ሁሉ የምንዘበዝበው ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ሰኔ በስደተኞች ቀን ያን ሁላችንም ያለቀስንበትን ዘፈን ታስታውሳላችሁ። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራችው የዚሁ ሰፈር የ16 ዓመት ልጅ ናት። መድረክ ላይ የተጠራው ግን የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። እናቷ እኛ አጠገብ ነበሩ። «ልጄ እኮ በኩራዝ ነው የጻፈችው» ብለው ዝም አሉ። እኛ ደግሞ ብሰን ተገኘን፤ ሰምተን ሳለ በሚቀጥለው እትም የዘፋኙን ስም ብቻ አወጣን። ዘፋኙ ጥፋት የለበትም፣ ደራሲዋን ጥሩ ብሎ ነግሮን ነበር። እሷንም እናቷንም ይቅርታ ጠይቀናል። ስሟን እዚህ እናትም ስንላት «መጀመሪያ መድረክ ላይ ይጠራልኝ» አለችን። እውነቷን ነው።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በማዕከሉ አዳራሽ እንገናኝ። ሁለቱንም «ሃርትቢትስ» አከታትለን እናሰማለን። ከዚያ የሰኔው ዘፈን ይደገማል፣ ስሟም ይጠራል። የጄኔሬተሩ ነዳጅ ካለቀ ያለ ማይክ ይዘፈናል፤ ቀደም ብላችሁ ኑና ከፊት ተቀመጡ።